በሕዝብና በመንግሥት መካከል፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ታሪክ በኢትዮጵያ

1. መነሻው

በኢትዮጵያ ሰው ከሰው ጋር የሚረዳዳበት ማኅበር መንግሥት ፈቃድ መስጠት ከመጀመሩ ከብዙ ዘመን በፊት ነበረ። ገበሬው እርሻ ሲበዛበት ደቦ ይጠራል፤ ምእመኑ በጻድቅ ወይም በመልአክ ስም ማኅበር ይጠጣል፤ ነጋዴው እቁብ ይጥላል። ከእነዚህ ሁሉ ለዛሬው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት በጣም የሚቀርበው ግን እድር ነው። እድር ከከተማ ኑሮ ጋር የተስፋፋ ነው። ከየአገሩ መጥቶ አንድ ሰፈር የሰፈረ ሰው ዘመዱ ሩቅ ስለሆነ፣ ሲሞት የሚቀብረውና ቤተሰቡን የሚያጽናና ጎረቤት ያስፈልገው ነበር። ቋንቋቸውም ሃይማኖታቸውም ሊለያይ የሚችል ጎረቤታሞች በየወሩ እያዋጡ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ገዙ፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መረጡ፤ መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ። ለቅሶ የቀረ ይቀጣል፤ መዋጮ ያሳለፈ ስሙ ይነበባል፤ ሒሳቡም በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ይቀርባል።

እድርተኛው እድሩን የሚያምነው መሪዎቹ ደጋግ ሰዎች ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ገንዘብ ያዡ ቢያጎድል የሚጠየቅበት ቀን፣ ቦታና ሥርዓት ስላለ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ከዚሁ ይነሣል። መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ሕዝብ በመንግሥት ላይ ያለውን አመኔታ ያሳድጋሉ ወይስ ይሸረሽራሉ የሚለው ጥያቄ በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሲያወዛግብ ቆይቷል። ይሸረሽራሉ ከሚሉት አንዱ ወገን “የመንግሥትን ሥራ ሲሠሩ መንግሥት ከሕዝብ ዓይን ይጠፋል” ይላል። ሌላው ወገን “ገመናውን እያወጡ ያዋርዱታል” ይላል። ሁለቱም የሚመለከቱት ድርጅቱ የሚሠራውን ሥራ ነው። እኔ እንደማየው ግን ወሳኙ ነገር ድርጅቱ በሕዝቡና በመንግሥት መካከል የሚቆምበት ቦታ ነው። ሕዝቡ ባለሥልጣኑን የሚጠይቅበትን መንገድ የሚከፍት ድርጅት አመኔታን ይሠራል፤ ያንን መንገድ የሚተካ ወይም የሚዘጋ ድርጅት ሥራው የቱንም ያህል በጎ ቢሆን አመኔታን አይጨምርም። መንግሥት ራሱ መንገዱን ሲዘጋው ደግሞ የሚጎዳው ከማንም በላይ ራሱ ነው።

2. ማኅበር በሕግ ሲታወቅ

ዘመናዊውን መልክ ከያዙት ቀደምት ድርጅቶች አንዱ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ነው። የጣሊያን ወረራ እየቀረበ በነበረበት ጊዜ ቁስለኛን የሚያክም አካል አስፈልጎ ስለነበር፣ ምሥረታውም ከቤተ መንግሥቱ ጋር የተሳሰረ ነበር። ይህ የመጀመሪያው ዘመን ጠባይ ነው፤ በጎ አድራጎት ከላይ ወደ ታች፣ ከዙፋኑ ወደ ሕዝቡ የሚወርድ ቸርነት ተደርጎ ይታይ ነበር።

ሕጋዊው መሠረት የተጣለው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ማኅበርን ትርፍ ከማግኘትና ከመከፋፈል ውጭ የሆነ ውጤት ለማግኘት የሚሰበሰቡ ሰዎች ኅብረት አድርጎ ተረጎመው፤ የአባላትን መብት፣ የጠቅላላ ጉባኤን ሥልጣንና የሥራ አመራርን ኃላፊነት በዝርዝር ደነገገ። ከዚያ በኋላ በሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 321 የወጣው ደንብ ምዝገባውን ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ሰጠ። የአገር ውስጥ ጸጥታን የሚከታተለው መሥሪያ ቤት የማኅበራት መዝጋቢ መሆኑ ለኋለኛው ታሪክ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ማኅበር ማለት በቅድሚያ ክትትል የሚደረግበት፣ ከዚያ በኋላ የሚፈቀድ ነገር ሆነ።

በ1950ዎቹ የተነሡት የራስ አገዝ ማኅበራት ሁለት መንገዶችን ጎን ለጎን ያሳያሉ። የጉራጌ ተወላጆች ለመንገድ ሥራ ባቋቋሙት ድርጅት አማካይነት ከአዲስ አበባ ነጋዴም ከገጠሩ ገበሬም ገንዘብ አሰባሰቡ፤ ከአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጋር እየተባበሩም መንገድ አስጠረጉ። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ግን ከትምህርት ቤትና ከመንገድ ባሻገር የእኩልነት ጥያቄ ማንሣት ሲጀምር በ1959 ዓ.ም. ታገደ፤ መሪዎቹም ታሠሩ። በመጀመሪያው ሕዝቡ መንግሥትን በጋራ ሥራ ተዋወቀው። በሁለተኛው ግን ጥያቄ ያነሣ ማኅበር ሲፈርስ አየ፤ የጠያቂውን ወገን ቅሬታም ማኅበሩን ማፍረስ አላጠፋውም።

3. የረኃብ ዘመን ድርጅቶች

የዛሬውን የዕርዳታ ድርጅት መልክ የሰጠው ረኃብ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ላይ የደረሰውን እልቂት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለማድበስበስ ሞክሮ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሧቸው ፎቶግራፎች፣ የተማሪዎች ሰልፍ፣ በመጨረሻም የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነገሩን አደባባይ አወጡት። አብያተ ክርስቲያናትና አጋሮቻቸው ዕርዳታውን ለማቀናጀት የፈጠሩት ስብስብ በኋላ የክርስቲያን የዕርዳታና የልማት ማኅበራት ኅብረት ሆኖ የአገሪቱ ትልቁ የድርጅቶች ጥላ ለመሆን በቃ። መንግሥትም በ1966 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን አቆመ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ የረኃቡን ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር አጣምሮ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ደርግ ያንን ፊልም ለፖለቲካ ተጠቀመበት፤ ከፊልሙ መማር ይገባው የነበረውን ግን አልተማረም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር በወሎና በትግራይ ሕዝብ እየረገፈ ነበር። ጥቅምት ላይ ቢቢሲ ከቆረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን ካነቃነቀ በኋላ የውጭ ድርጅቶች በብዛት ገቡ። እህል በጅቡቲ፣ በአሰብና በምጽዋ በኩል ይገባል፤ ኮሚሽኑ ያከፋፍላል፤ ድርጅቶቹ መጠለያና የሕፃናት መመገቢያ ጣቢያ ይከፍታሉ። የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን፣ መንግሥት ረኃብተኛውን ወደ ሌላ አካባቢ የወሰደበትን የሠፈራ ፕሮግራም አፈጻጸም በአደባባይ በመንቀፉ በ1978 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። የሌሎች ድርጅቶች ምርጫ ዝም ብሎ መሥራት ወይም መውጣት ሆነ፤ አብዛኞቹ ሥራውን መረጡ። ሕይወት ማዳን ነበረባቸውና በዚህ ልወቅሳቸው አልፈልግም። ሆኖም ዝምታው ዋጋ አስከፍሏል፤ ተረጂው ስንዴውን የሚያመጣለትን ያውቃል፣ ሠፈራው ለምን በግድ እንደሆነ የሚጠይቅበት ቦታ ግን አልነበረውም።

እዚህ ላይ “መንግሥትን ከሕዝብ ዓይን ያጠፉት እነዚሁ ድርጅቶች ናቸው” የሚለውን ክርክር መመርመር ያስፈልጋል። ስንዴ በራሱ አመኔታን የሚነጥቅ ወይም የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ያ የውጭ ስንዴ በየትም ቦታ አንድ ዓይነት ውጤት ባመጣ ነበር። የሆነው ግን የተለያየ ነው። በዚያው ዘመን ከሱዳን ድንበር እየተሻገረ በትግራይና በኤርትራ ይከፋፈል የነበረው እህልም በአብዛኛው የውጭ አብያተ ክርስቲያናትና ድርጅቶች የሰጡት ነበር። እህሉን የሚያጓጉዙት ግን ደርግን ይዋጉ ከነበሩት ግንባሮች ጋር የተሳሰሩ የዕርዳታ ድርጅቶች ነበሩ፤ በትግራይ ደግሞ ማን ይቀበል ማን ይቆይ የሚለውን የሚወስኑት በየመንደሩ የተመረጡ የባይቶ (የአካባቢ ምክር ቤት) አባላት ነበሩ። ስለዚህ ስንዴው ለግንባሮቹ አስተዳደር ተቀባይነት ጨመረ። በደርግ በኩል ያው ስንዴ ያንን ውጤት አላመጣም። የእህሉ ምንጭ ተመሳሳይ ነው፤ የተለየው ተረጂው በአከፋፈሉ ላይ ድምፅ ያለው መሆኑና አለመሆኑ ነው። ሌላው ልዩነት መደበቅ ነው። ረኃቡን የሸሸገ መንግሥት አመኔታ የሚያጣው ረኃቡን ያጋለጠው ሰው ስለተናገረ አይደለም፤ ሸሽጎ በመገኘቱ ነው።

4. ከስንዴ ወደ መብት

ደርግ ከወደቀበት ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ድርጅቶቹ ከዕርዳታ ወደ ልማት፣ ጥቂቶቹም ወደ መብት ሥራ ተሸጋገሩ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ በ1984 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በ1980ዎቹ ማብቂያ አካባቢ ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለድሃ ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር መስጠትና ጥብቅና መቆም ጀመረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 31 የመደራጀት መብትን አወቀ። ምዝገባው ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ቢዛወርም ሥራ ላይ የቆየው ያው የንጉሡ ዘመን ደንብ ነበር።

የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሥራ ለመከራከሪያዬ ጥሩ ማሳያ ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት ቀበሌ ሄዳ “ታረቂ” ተብላ ስትመለስ ሕግ የሚባለው ነገር የእሷ እንዳልሆነ ትደመድማለች። የማኅበሩ ጠበቃ ክስ ጽፎ፣ ችሎት አብሯት ቆሞ ውሳኔ ስታገኝ ግን ያገኘችው ከመንግሥት ፍርድ ቤት ነው። ማኅበሩ ለራሱ ተከታይ አላፈራበትም፤ ዜጋውን ወደ መንግሥት ደጅ አደረሰው። ይሁን እንጂ ማኅበሩ አንድ የጥቃት ጉዳይ ላይ የፍትሕ አካላቱን ቸልተኝነት በመንቀፉ በ1994 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለሳምንታት ታገደ።

የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሲቃረብ ደግሞ ምርጫ ቦርድ አብዛኞቹን የአገር ውስጥ ድርጅቶች ከመታዘብ የሚከለክል መስፈርት አወጣ። ድርጅቶቹ ተሰባስበው ከሰሱ። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለድርጅቶቹ ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ፍርዱን አጸናው። ዜጎች የመንግሥትን አካል በመንግሥት ፍርድ ቤት ከስሰው ረቱ። ለፍትሕ ተቋማት ከዚህ የበለጠ ምስክርነት ማምጣት ይከብዳል። ጊዜው አጥሮ ስለነበር ግን ድርጅቶቹ በቂ ታዛቢ ማሰማራት አልቻሉም፤ ከግንቦት 7ቱ ምርጫ በኋላ ውጤቱ ሲያወዛግብ ሁሉም ወገን ሊቀበለው የሚችል የአገር ውስጥ ታዛቢ ቆጠራ አልነበረም። በየምርጫ ጣቢያው ገለልተኛ ዓይን ቢኖር ኖሮ ከምርጫው በኋላ የተነሣው ግጭት ይቀር ነበር ለማለት አልደፍርም። ክርክሩ ግን ቢያንስ በማስረጃ ላይ ሊቆም ይችል ነበር።

5. አዋጅ ቁጥር 621/2001

መንግሥት ግን ከ1997ቱ ቀውስ የቀሰመው ትምህርት የዚህ ተቃራኒ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ድርጅቶችን በገንዘብ ምንጫቸው ከፈላቸው። “የኢትዮጵያ” ለመባል ከውጭ የሚገኘው ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢው 10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከዚያ ያለፈው “የኢትዮጵያ ነዋሪዎች” ወይም “የውጭ” ይባልና በአምስት መስኮች እንዳይሠራ ይከለከላል። መስኮቹ የሰብአዊና ዴሞክራሲያዊ መብቶች፣ የብሔረሰቦች፣ የጾታና የሃይማኖት እኩልነት፣ የአካል ጉዳተኞችና የሕፃናት መብት፣ የግጭት አፈታትና ዕርቅ፣ እንዲሁም የፍትሕና የሕግ አስከባሪ አካላት ቅልጥፍና ናቸው። በዚህ ላይ የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ መመሪያው የአሠልጣኝ አበልንና የትራንስፖርት ወጪን ጭምር አስተዳደራዊ ብሎ በመቁጠሩ ሥልጠናና ክትትል የሚሰጡ ድርጅቶች በእጅጉ ተቸገሩ። የሰብአዊ መብቶች ጉባኤውና የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳባቸው ታገደ፤ ጉባኤው አብዛኞቹን ቅርንጫፎቹን ዘጋ፤ በርካታ ሌሎች ድርጅቶችም ዓላማቸውን ለውጠው ከመብት ወደ አገልግሎት ዞሩ።

የአዋጁ ደጋፊዎች ሐሳብ ቀላል አልነበረም፤ ቀላል አድርጎ ማለፍም አይገባም። የመብትና የፖለቲካ ጥያቄ የዜጋው ነው፤ ዜጋው ያልከፈለበት ድምፅ የዜጋው ሊባል አይችልም፤ የሌላ አገር ግብር ከፋይ ገንዘብ የኢትዮጵያን ፖለቲካ መዘወር የለበትም ይሉ ነበር። በመርህ ደረጃ እውነት አለበት። ችግሩ መስኮቹ የተመረጡበት መንገድ ነው። የውጭ ገንዘብ ጉድጓድ እንዲቆፍር፣ ክትባት እንዲገዛ፣ ትምህርት ቤት እንዲያስገነባ ተፈቀደ፤ የመንግሥትን የራሱን በጀት እንዲደግፍም ተፈቀደ። የተከለከለው ዜጋው ስለ መብቱ፣ ስለ ፍርድ ቤቱ፣ ስለ ፖሊሱና ስለ ግጭቱ እንዲጠይቅ የሚያግዘው ሥራ ብቻ ነው። በዚህም አመኔታን የማይሠራው ዓይነት አገልግሎት ሜዳው ተለቀቀለት፤ አመኔታን የሚሠራው ታጠረ። ከ2008 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ በኦሮሚያ፣ ቀጥሎም በአማራ ክልል ተቃውሞ ሲቀጣጠል መንግሥት ነዋሪውን በየመንደሩ የሚያቧድን የልማት ቡድንና አንድ ለአምስት አደረጃጀት ነበረው፤ ሕዝቡ ጉዳዬን ያደርስልኛል ብሎ የሚያምነው፣ መንግሥትም የሚያዳምጠው ነፃ ድርጅት ግን አልነበረውም ለማለት ይቻላል። ለቀውሱ ብዙ ምክንያት አለ፤ የመሬት፣ የሥራ አጥነትና የሥልጣን ጥያቄዎችን አዋጁ አልፈጠራቸውም። አዋጁ ያደረገው ጥያቄዎቹ ወደ መንገድ ከመውጣታቸው በፊት የሚስተናገዱበትን ቦታ ማጥበብ ነው። ገዢው ፓርቲ ራሱ “የመልካም አስተዳደር ችግር” ብሎ የዘረዘራቸው ብሶቶች ከተከለከሉት መስኮች ጋር ምን ያህል እንደሚገጥሙ ያስተዋለ ሰው ይህን ለማየት አይቸገርም።

6. ወረዳው አዳራሽ ውስጥ

በዚሁ በጠበበ ዘመን አንድ ለየት ያለ አሠራር በጸጥታ አደገ። ከ1997ቱ ቀውስ በኋላ ለጋሾች ለፌዴራሉ መንግሥት በቀጥታ የሚሰጡትን የበጀት ድጋፍ አቁመው፣ ገንዘቡ በክልሎች በኩል ለወረዳ መሠረታዊ አገልግሎት እንዲውል ከመንግሥት ጋር ተስማሙ። ከስምምነቱ ጋር ማኅበራዊ ተጠያቂነት የተባለ ፕሮግራም በ1998 ዓ.ም. ተጀመረ። በጥቂት ድርጅቶች ተሞክሮ በሁለተኛው ምዕራፉ ከ200 በላይ ወረዳዎችን አዳረሰ። ያተኮረው በትምህርት፣ በጤና፣ በውኃ፣ በግብርናና በገጠር መንገድ ላይ ነበር።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ጉዳዩ የአንድ ጤና ጣቢያ ነው እንበል። ድርጅቱ በመጀመሪያ ለነዋሪው ጤና ጣቢያው በደረጃው መሠረት ምን ሊኖረው እንደሚገባ ያስረዳል፤ ስንት ባለሙያ፣ የትኞቹ መድኃኒቶች፣ የማዋለጃ ክፍሉ ውኃና መብራት። የወረዳው በጀት ለሕዝብ በሚገባ መልክ በሰሌዳ ይለጠፋል። ከዚያ ሴቶች ለብቻቸው፣ ወጣቶች ለብቻቸው፣ ሽማግሌዎችና አካል ጉዳተኞች ለየብቻቸው ይቀመጡና አገልግሎቱን ነጥብ ይሰጡታል። ይህ መለያየት ያለ ነገር አይደለም፤ የወለደች እናት አዋላጇ ስለ መሳደቧ ባሎችና የቀበሌ ሹማምንት ባሉበት አትናገርም። የጤና ጣቢያው ሠራተኞችም በበኩላቸው ለራሳቸው ነጥብ ይሰጣሉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ አዳራሽ ይገናኛሉ። ነዋሪው መድኃኒት የለም ሲል ኃላፊው ጥያቄው የታዘዘበትን ቀንና ያልመጣበትን ምክንያት ይናገራል፤ ሠራተኛዋ የሌሊት ተረኛ አንድ ብቻ መሆኗን ትገልጻለች፤ የወረዳው ፋይናንስ የተመደበውን ብር ይጠራል። በመጨረሻም ማን ምን በየትኛው ወር እንደሚያደርግ በጋራ ዕቅድ ይጻፋል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተል ኮሚቴም ይመረጣል። ድርጅቱ መድኃኒት አይገዛም፣ ክፍል አይገነባም። ሥራው ስብሰባው እንዲደረግና በቅንነት እንዲደረግ ማገዝ ነው።

እንዲህ ካለ ስብሰባ የሚወጣ ሰው ስለ መንግሥት ጉድለት የሚያውቀው ከበፊቱ የበለጠ ነው። ታዲያ አመኔታው ለምን ይጨምራል? ጉድለቱ ስምና ምክንያት ስላገኘ ነው። “ሰርቀው በልተውት ነው” የሚለው ጥርጣሬ “በጀቱ ይህን ያህል ነው፣ ይህ ደግሞ በእኛ ስንፍና ነው” በሚል መልስ ይተካል። መልሱ መራራ ሊሆን ይችላል፤ ኃላፊው ግን አዳራሽ መጥቶ ሰጥቶታል። የቀጠሮው ወር ሲደርስ የተባለው ካልተፈጸመ ኮሚቴው ይጠይቃል። የእድሩ ገንዘብ ያዥ እንዲታመን የሚያደርገው ሥርዓት ወረዳውም እንዲታመን የሚያደርገው በዚሁ ምክንያት ነው።

የውጭ ጥናቶችም ከዚህ ጋር የሚቃረኑ አይደሉም። ኦድሪ ሳክስ በአፍሮባሮሜትር መረጃ ላይ ተመሥርታ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው የዓለም ባንክ ጥናት፣ የለጋሾችና የድርጅቶች አገልግሎት የዜጎችን የመንግሥት ተቀባይነት ያዳክማል የሚለውን ግምት የሚደግፍ ማስረጃ አላገኘችም፤ ይልቁንም ወደ ተቃራኒው የሚያመለክት ነበር። ጄኒፈር ብራስ ኬንያ ላይ ባደረገችውና እ.ኤ.አ. በ2016 በመጽሐፍ ባወጣችው ጥናት ድርጅቶቹ ከመንግሥት ሠራተኞች ጋር ተቀላቅለው፣ አሠራራቸውንም እያዋሱ እንደሚሠሩ አሳየች። በሌላ በኩል ሼሪ በርማን ስለ ጀርመን ቫይማር ዘመን የጻፈችው ጥናት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማኅበራት እንደ አሸን በፈሉበት አገር የመንግሥት ተቋማት ደካማ ስለነበሩ የማኅበራቱ ብርታት ለናዚዎች መደራጃ ሆነ። የድርጅቶች ቁጥር ብቻውን የሚናገረው ነገር እንደሌለ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ማኅበር ዜጋውን ወደ መንግሥት ተቋም የሚያደርስ ድልድይ የሚሆነው በማዶው ሰው ሲኖር ነው።

የማኅበራዊ ተጠያቂነት አሠራር ደካማ ጎንም አለው። ያስተናግድ የነበረው የውኃ ቧንቧንና የመምህር መቅረትን ጉዳይ ነው፤ ስለ እስርና ስለ ምርጫ በዚያ አዳራሽ አይጠየቅም ነበር። ከመንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት የተፈቀደውም ምናልባት በዚሁ ምክንያት ይሆናል። ወረዳው የሚመልሰውን መልስ ያገኘ ነዋሪ ከወረዳው በላይ ላለው ጥያቄ መልስ ሲያጣ፣ በታች የተገነባው አመኔታ ወደ ላይ አልወጣም። በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. በተቃውሞ ከተናወጡት አካባቢዎች ፕሮግራሙ የደረሰባቸውም አሉ። ይህ ግን አሠራሩ ከፍ ባለ ደረጃ እንዲደገም የሚያስገድድ እንጂ ከንቱ ነው የሚያሰኝ ምክንያት አይደለም።

7. የአሁኑ አደረጃጀትና ሚና

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የቀደመውን አዋጅ ሻረ። የ10 በመቶው ገደብና የመስክ ክልከላው ቀሩ፤ ድርጅቶች የአገር ውስጥና የውጭ ተብለው ብቻ ተለዩ። የአገር ውስጡ በማኅበር፣ በቦርድ በሚመራ ድርጅት፣ በበጎ አድራጎት ኢንዶውመንት፣ በአደራ ወይም በኮሚቴ መልክ ሊቋቋም ይችላል። የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ 20 በመቶ ሆነ፤ የፕሮግራም ወጪ ግን አስተዳደራዊ ተብሎ አይቆጠርም። የሚቆጣጠረው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ሲሆን፣ በቦርዱ ከመንግሥት ተወካዮች ጋር የድርጅቶቹና የአካል ጉዳተኞች፣ የሴቶችና የወጣቶች ማኅበራት ወኪሎች ይቀመጣሉ። ድርጅቶቹ ራሳቸውን የሚያርሙበት ምክር ቤትም ተቋቋመ። የተመዘገቡት ድርጅቶች ከ4,000 በላይ ደርሰዋል። በ2013ቱ ምርጫ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ኅብረት ለምርጫ በየአካባቢው ታዛቢዎችን አሰማርቶ ያየውን በመግለጫ አቀረበ፤ በ1997 ዓ.ም. የጎደለው ይህ ነበር።

ሆኖም አሮጌው ጠባይ አልጠፋም። ከኅዳር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ባለሥልጣኑ በርካታ የመብት ድርጅቶችን፣ የሰብአዊ መብቶች ጉባኤውን ጨምሮ፣ ገለልተኝነታቸውን አጥተዋል፣ የአገርንም ጥቅም ተጻርረዋል በሚል አገደ። እገዳው ከወራት በኋላ በማስጠንቀቂያ ተነሣ። ከተጣሰው ድንጋጌ ጋር ዝርዝር ማስረጃው ለሕዝብ ስላልቀረበ፣ ድርጅቱ ጥፋተኛ ይሁን ባለሥልጣኑ አላግባብ ያግድ ዜጋው መፍረድ አልቻለም። መንግሥት ጥፋት ያገኘበትን ድርጅት መቅጣት አለበት፤ ቅጣቱ አመኔታ የሚያስገኝለት ግን ማስረጃው ከፍርድ ቤት ፊት ሲቀርብ ነው።

ድርጅቶቹም ነቀፋ አያጡም። ብዙዎቹ አባል የላቸውም፤ ቦርዳቸውን የሚመርጥ ጠቅላላ ጉባኤ በወረቀት ብቻ አለ፤ ሪፖርታቸውን የሚያነበው ለጋሹ እንጂ የሚያገለግሉት ቀበሌ አይደለም። “መንግሥትን ተጠያቂ እናደርጋለን የሚሉት እነሱ ለማን ይጠየቃሉ?” የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ጠያቂው ባለሥልጣን ስለሆነም ተገቢነቱ አይቀንስም። ወረዳው በጀቱን በሰሌዳ እንዲለጥፍ የሚገፋ ድርጅት የራሱንም በጀት፣ የመኪናውንና የአበሉን ወጪ ጭምር፣ በዚያው ሰሌዳ መለጠፍ ይችላል። ምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ደንብ ከማውጣት አልፎ ይህን ግዴታ ቢያደርገው በሕግ የሚከለክለው የለም።

በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በድንገት ሲያቋርጥ መንግሥትን በሚተካ ድርጅትና የመጠየቂያ መንገድ በሚከፍት ድርጅት መካከል ያለው ልዩነት በግልጽ ታየ። በገንዘቡ የተቀጠሩ የጤና ባለሙያዎችና የድርጅት ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ ፕሮጀክቶች በመሐል ቆሙ። ድርጅቱ መድኃኒቱን በራሱ መኪና እያመጣ በራሱ ሠራተኛ ሲያድል በቆየበት ቦታ ነዋሪው ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም፤ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም ያንን ሥራ ይሠራ የነበረ ሰው የለውም። የክትትል ኮሚቴ በተመረጠበት፣ ነዋሪው የወረዳውን በጀት ማንበብ በለመደበት ቦታ ግን ጎደሎው ሰፊ ቢሆንም የሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይሆናል። አዋጅ 1113 ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ስለሚፈቅድ የውጭውን ገንዘብ በከፊል በአገር ውስጥ መተካት ይቻላል። ለዚህ ደግሞ የባንክ ብድር፣ የግብር አሠራርና የንግድ ፈቃድ ቢሮዎች የድርጅቶቹን የንግድ ሥራ የሚያስተናግዱበት ግልጽ መመሪያ ያስፈልጋል። የአባላት መዋጮ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም መሰብሰብ ሊጀመር የሚገባው አሁን ነው፤ ያዋጣ አባል ሒሳብ ይጠይቃልና።